የአዋላጇ መኪና ከኋላ ስታቃስት

ውድ ራዳር፣

ስልክ ብደውል ልጅህ አነሳችው። «አባዬ በስልክ መስማት ትቷል፤ ሰው ሲጮህበት ደግሞ ይከፋዋል» አለችኝ። ጮኼብህ ከምትከፋ ብዬ ብዕር ያዝኩ።

ሰሞኑን እትዬ አዋላጇ ያችኑ አሮጌ መኪናቸውን ይዘው ጋራዥ መጡ። ገና ሞተር ሳያጠፉ፣ «ራዳር የታለ?» አሉኝ። ጆሮህ ከድቶህ ልጅህ ጋ መግባትህን ስነግራቸው መሪውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። ኋላ፣ «ይቺም ከኋላዋ ታቃስታለች። ልጄ ሽጪያት ይለኛል፤ ስንት ምጥ ላይ ያደረሰችኝን መኪና ለብረት ለቃሚ አልሰጥም! አንተስ ትችላታለህ?» አሉ።

«እሞክራለሁ» አልኩ። አፌን ሞልቼ «እንችላለን» ማለት ሲያቅተኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ነዳኋት። ነዳጅ ስሰጣት ታጓራለች፤ እግሬን ሳነሳ ቀለል ይላታል። ድሮ ቢሆን አንተ ከኋላ ተጋድመህ፣ ጆሮህን ወንበሩ ላይ ለጥፈህ፣ «ዝም በላ፣ ግትሩ! አንተ ስታወራ ኩሽኔታው አይሰማም» ትለኝ ነበር። መንገደኛው በሽተኛ የጫንን ይመስለው ነበር።

አሁን እጄን አመንኩ። በክሪክ አንስቼ የኋላ ጎማዎቹን አሽከረከርኩ፤ ጸጥ። በኋላ ጎማዎቹ መሀል ወዳለው ዲፈረንሻል የሚገባውን ዘንግ ይዤ ሳነቃንቀው ግን ሊወልቅ እንደደረሰ የልጅ ጥርስ ተወዛወዘ። ዘይቱን ሳወርደው የብረት ብናኝ ያብለጨልጫል። ትልቁን ጥርስ የሚያዞረውን ትንሹን ጥርስ፣ ፒኞኑን፣ አቅፎ የሚይዘው ኩሽኔታ ተበልቷል።

ትዝ ይልሃል ይህንኑ ዲፈረንሻል መጀመሪያ የፈታን ዕለት? ዕቃው እንዳይጠፋ ብለህ ከቤትህ አንሶላ ሰርቀህ አነጠፍክ። ባለቤትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በዘይት የራሰውን አንሶላ አንስታ «ዛሬ እዚሁ ላይ ትተኛላችሁ!» ስትለን ከመኪናው ስር ገብተን ተደበቅን። በሳቅ ብዛት መውጣት አቅቶን ነበር። ዛሬ ከመኪና ስር ብቻዬን ስተኛ ያ ሳቅ ይመጣብኛል።

አዲስ ኩሽኔታ ገጠምኩ። ከባዱ ግን፣ ታውቀዋለህ፣ ጥርስን ከጥርስ ማስማማቱ ነው። ጥርሱን ቀለም ቀብቼ፣ አዙሬ፣ የተነካካበትን ቦታ ባይ ባይ ጭጋግ ሆነብኝ። መብራት ጨመርኩ፤ መነጽር ቀየርኩ፤ ያው ነው። ራዳር፣ ዓይኔ እየደከመ ነው። ለማንም አልተናገርኩም ነበር። የግዴን ባለቤቴን ጠራኋት።

«ቀለሙ የቱ ጋ ነው የተነካው?»

«ጫፉ ላይ።»

«የአናቱ ጫፍ ወይስ የጎኑ?»

«ጫፍ ጫፍ ነው! ጥርስ አሳየኸኝ እንጂ ካርታ መቼ አሳየኸኝ?»

ስንጨቃጨቅ ዋልን። ስስ ቀለበት ጨምሬ ፒኞኑን ወደ ውስጥ ገፋሁት፤ ገጠምኩ፣ ደግሞ ፈታሁ። በመጨረሻ «አሁን መሀል ለመሀል ነው» አለች። ከዚያ የተቀባ እጄን ይዛ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው የማታየው?» ስትለኝ መነጽሬን አውልቄ ኪሴ ከተትኩ።

በማግስቱ እትዬ አዋላጇ ራሳቸው ነዱ። ዳገቱ ላይ ነዳጅ ረገጡ፤ የጎማ ሽውታ እንጂ ሌላ ድምፅ የለም። እሳቸው ፈገግ ሲሉ እኔ ዘወር ብዬ ባዶውን የኋላ ወንበር አየሁ።

«ምን ትጠብቃለህ? ጥራው እንጂ» አሉኝ።

«አይሰማም እኮ።»

«አንተስ መቼ ታያለህ?»

ለካ ባለቤቴ ነግራቸዋለች!

ስለዚህ ልለምንህ ነው፤ ና። ጩኸቱን እኔ ልስማ፣ ቀለሙን አንተ እይልኝ። ከሁለታችን አንድ ደህና መካኒክ አይጠፋም። ከጋራዡ ጀርባ ያለውን ክፍል ባለቤቴ አጽድታ፣ አልጋ አስገብታልሃለች። ልጅህም ብትናፍቅህ ትምጣና ትይህ።

የምትመጣበትን ቀን ጻፍልኝ። ፊደሉን ግን አደራ፣ ተለቅ ተለቅ አድርገው።

ጓደኛህ፣
ግትሩ