ስለ ጌምህ በርና ስለ ሦስቱ ሽማግሌዎች

ይድረስ ለወንድሜ ለአብርሽ፣ ናይሮቢ።

ለጤናህ እንደምን ነህ? ዓይንህስ? ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጠህ ስለምትውል ከሁሉ በፊት የምጠይቅህ እሱን ነው። ወገብህስ? የምትበላውስ? እማዬ "ሦስት ጊዜ ጠይቂልኝ" ስላለች የቀሩትን ሁለት ጊዜ እንደጠየቅኩህ ቁጠርልኝ። እኛ ደህና ነን። እኔ ብቻ ግራ ገብቶኛል፤ ደብዳቤውም ስለዚሁ ነው።

የሠራችሁትን ጌምና አዲሱን ተጨማሪ ክፍል ተጫውቼ ጥንካሬና ድክመቱን ያለ አድልዎ እንድጽፍልህ ጠይቀኸኝ ነበር። እሺ፣ ከዋናው ልጀምር። ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ድምፁ ልክ የኛ ቤት ነው፤ ይህ ጥንካሬ ነው። አህያዋ ግን አርባ ሰይፍ ተሸክማ ጋራ ትወጣለች፤ ትንሽ አታፍሩም? ዳቦ ሻጯ ከተማው እየተቃጠለ እንኳ "ትኩስ ዳቦ አለኝ" ትላለች። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ነገሩ ሁሉ በሰይፍ ማለቁ ነው። አንዱን ሽፍታ ስጥል ሌላው ይመጣል። ሌቭሌ አደገ እንጂ እኔ አላደግኩም።

ተጨማሪው ክፍል ይለያል፤ ግራ መጋባቴም የሚጀምረው ከዚያ ነው። አንድ አዛውንት የግቢውን በር ዘግቶ ተቀምጧል፤ እሱ ካልፈቀደ ከግቢው ጀርባ ያለውን ድልድይ መሻገር አይቻልም። የጎረቤታችን ልጅ ሙህሲን በሩን በመጥረቢያ ሰብሮ በሁለት ሰዓት ጨረሰውና "አጭር ነው፣ አይረባም" አለ። እኔም መጥረቢያዬን አንስቼ ነበር። ያን ጊዜ ከኋላዬ "ሽማግሌ ሳይላክ የሰው በር ይሰበራል እንዴ!" የሚል ድምፅ መጣ። አባባ ናቸው።

አዎ፣ አባባ። ኢንጂነሪንጉን ሦስተኛ ዓመት ላይ ትተህ "ጌም ልሠራ ነው" ብለህ ከሄድክ ጀምሮ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስምህ በቤታችን እንዳይነሳ ያደረጉት አባባ። ጌሙን የሠራው ፈረንጅ ነው ብዬ ዋሽቻቸዋለሁ፣ ይቅር በለኝ። መጀመሪያ የመጡት ሊቆጡኝ ነበር። ግን ስክሪኑ ላይ የውሃ ወፍጮውን አዩና "መንኮራኩሩ ከውሃው ተቃራኒ ይዞራል፤ ይሄን የሠራ ሰው ማሽን ነክቶ አያውቅም" አሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ የነበረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

በማግስቱ ጋሽ ቀጀላን ይዘው መጡ። ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁት የእድራችን ሊቀመንበር ከጀርባዬ ተቀምጠው "ጎራዴ ይዞ ነው እንዴ ለእርቅ የሚኬደው? አስቀምጪው!" ይሉኛል። ስንት ቀን ለፍቼ ያሠለጠንኳቸውን ሦስት ተዋጊዎች አሰናብቼ በምትካቸው አንድ ቄስ፣ አንድ አንጥረኛና አንድ ጡረተኛ ጀልባ ቀዛፊ እንድይዝ አዘዙኝ። ሌቭል አንድ! ሦስቱም! መንገድ ላይ ጅብ አሥራ አራት ጊዜ በላቸው። አሥራ አራቱንም ጊዜ "ሽማግሌ ላይ ጅብ አይለቀቅም፤ ይሄ ድክመት ነው፣ ጻፊ" አሉኝ። ይኸው ጻፍኩ።

በአሥራ አምስተኛው ደረስን። አንኳኳሁ። አዛውንቱ ከውስጥ "ነገ ተመለሱ" አለ። ጌሙ ተበላሸ ብዬ ልዘጋው ስል ሁለቱ ደስ ብሏቸው ተያዩ። ጋሽ ቀጀላ "ታዲያ በአንድ ቀን እሺ ሊል ነው? ወግ ያለው ጌም ነው!" አሉ። ጌሙ ውስጥ አድረን ተመለስን፤ አሁንም "ነገ ተመለሱ"። በሦስተኛው ቀን በሩ ተከፈተና አዛውንቱ ብቅ ብሎ "ጫማችሁን አራግፉ፤ ቤት ነው እንጂ ጋራዥ አይደለም" አለ።

አብርሽ፣ ይህችን ነገር በዚህ ቤት ከአባባ አፍ በቀን ስንቴ እንደምሰማት አንተ ታውቃለህ። ጋሽ ቀጀላ የሌለባቸውን ሳል ሳሉ። አባባ "ግትር ሰውዬ ነው። ሰዎቹን ሦስት ቀን ሲያመላልስ መቀመጫ እንኳ አላወጣላቸውም" ብለው ወጡ። ወጥቼ ባይ የግቢውን ቧንቧ ያጠብቃሉ። ቧንቧው አይንጠባጠብም። ራት ላይ ደግሞ ቀና ሳይሉ "ያ ፈረንጅ አባት አለው?" አሉኝ። "ሳይኖረው አይቀርም" አልኩ።

እስቲ ንገረኝ፤ አውቀዋል ወይስ አላወቁም? ይባስ ብሎ ዓርብ ዕለት ጋሽ ቀጀላ ሁለት የእድር ሰዎች አስከትለው የእውነቱን በራችንን አንኳኩ። የመጡት ስለ አንተ ነው፤ "ልጅህን ይቅር በል፣ ሲደውል ስልኩን አንሳለት" ሊሉ። አንተ ልከሃቸው ይሁን በራሳቸው ይምጡ የነገረኝ የለም። አባባ ከውስጥ ሆነው "ነገ ተመለሱ" አሉ። ትናንትም መጡ፤ "ነገ ተመለሱ" አሉ። ፊታቸውን አየሁት፤ ቁጣ ይሁን ሳቅ መለየት አቃተኝ። ሽማግሌ ሲባል ጨዋታና ቁም ነገር የሚለይበት ምልክት ቢኖረው ምን ነበረበት?

ስለዚህ ፍርዴ ይኸው፦ ዋናው ጌም ከአሥር ስድስት። ተጨማሪው ክፍል ስንት እንደሚያገኝ የሚታወቀው ዛሬ ነው።

እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች፤ ጠይቂልኝ ያለችውን ሁሉ እንደገና ጠይቃሃለች። ትንሿ ፀሐይቱ ሰላም ብላሃለች፤ አህያዋን አሳርፏት ትላለች። ሙህሲን ሰላም ይልሃል፤ የሚቀጥለውን አስረዝመው ብሏል፣ አንተ ግን አትስማው። አባባ ሰላምታ አልላኩም። ግን "ለማን ነው የምትጽፊው?" ሲሉኝ "ለጌሙ ሠሪ" አልኳቸው፤ "በሩ አጠገብ አግዳሚ ያስቀምጥ በይው" አሉ።

ቆይ፣ የቆርቆሮው በር እየተንኳኳ ነው። አባባ ተነሡ። የበረንዳውን ረጅም አግዳሚ ተሸክመው ወደ በሩ እየሄዱ ነው፤ ሊያስገቧቸው ይሁን ውጭ ሊያስቀምጧቸው አላወቅኩም። ብቻ ስልክህን ከእጅህ አትለየው።

እህትህ ዮዲ

አቃቂ በሰቃ፣ አዲስ አበባ
እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.