አንድ እፍኝ ነጭ ዱቄት

ሳቮና፣ እሑድ ከሰዓት፣ ሰኔ 2

ወንድም ጋሼ ሎሪስ፣

እንደምን ሰነበትክ? የሞንቴቪዴዎ ኑሮ እንዴት ይዞሃል? እዚያ ያሉት ሰዎች የኛን ቂጣ ፒዛ ላይ ደርበው ነው የሚበሉት ያልከኝን ለሰፈሩ ሁሉ አውርቼ ስቀናል። እኔ ደሞ «ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እስክሪብቶው እምቢ አለ። ደህና አይደለሁም። ስልክ ያልደወልኩልህ ብደውል ስለምሳደብ ነው፤ ስሳደብ ደሞ አንተ ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለህ። ወረቀት አይዘጋም። ፊደሌ ዶሮ የጫረችው ይመስላል፤ የቤት ሥራዬን ስትሠራልኝ የነበርከው አንተ ስለሆንክ ጥፋቱ ግማሹ ያንተ ነው። ቁጭ በልና አንብበው።

የአባባ ቂጣ ሱቅ እንዳለ ነው። ሰልፉም እንዳለ ነው። እኔ ግን እዚያ የለሁም። ወጥቻለሁ። አሁን ወደቡ ላይ ዕቃ አወርዳለሁ፤ ከኔ በፊት የገቡት ሁሉ ጉልበቴን አይተው አፋቸውን ይዘዋል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ምድጃው አጠገብ ማን እንደቆመ አላውቅም፤ ሳልፍም ቀና ብዬ አላይም። ጭሱን ግን አየዋለሁ። ፍልጡ እርጥብ ነው። ማንም ይሁን፣ እሳት አያውቅም።

ኦርኔላ ቀለበቴን መልሳልኛለች።

አዎ፣ ያቺው ኦርኔላ፣ ፋሲካ አንተ ለጥየቃ ስትመጣ አጠገብህ የተቀመጠችው። በመስከረም ልንጋባ፣ አንተም ሚዜ ልትሆነኝ ፊቷ ቃል የገባኸው። ስንዴ እንደማይስማማት ታውቃለህ፤ ፍርፋሪ እንኳ ብትቀምስ ሆዷ ተነፍቶ፣ ፊቷ አመድ መስሎ ትተኛለች። ሐኪሙ ግሉተን የሚሉት ነገር አለ፣ ከሱ ራቂ ብሏታል። ስንተዋወቅ ምን አልኳት መሰለህ? «አንቺማ የተፈጠርሽው ለኛ ቤት ነው! ቢጫው ቂጣችን ሽምብራ፣ ውሃ፣ ዘይትና ጨው፣ አለቀ!» አልኳት። ደሞ ሞኝ አይደለሁም። ነጩን የስንዴ ቂጣ የምንጋግረው በዚያው ምድጃ፣ በዚያው ትሪ መሆኑን አውቃለሁ። ትሪዎቹ ሳሙና ነክቷቸው አያውቅም፣ በዘይት ጨርቅ ተወልውለው ነው የሚሰቀሉት። ስለዚህ ለሷ ብቻ አዲስ የመዳብ ትሪ ገዛሁ፣ እጀታው ላይ ቀይ ሽቦ አሰርኩበት፣ ጭልፋዋንም ለየሁላት። ነጭ ሊጥ ወደዚያ ትሪ ቢጠጋ እጅ እቆርጥ ነበር። እንዲህ የሚያደርግ ወንድ ሳቮና ውስጥ ካለ አምጣልኝ!

ልጅቷ ግን አልዳነችም። እየከሳች ሄደች። ሐኪሙ «አንድ ሰው ስንዴ እያበላሽ ነው» ሲላት ሄጄ ልደበድበው ነበር። አባባ ደሞ «ደብቃ ብስኩት ትበላለች፣ የዛሬ ልጆች!» ይላል። ከሱም ጋር ተጣላሁ። ለሷም ለቤታችንም አንድ ላይ ጥብቅና የቆምኩት እኔ ነኝ፤ የማን ጠበቃ እንደሆንኩ ግን አሁን ነው የገባኝ።

ስማ እንዴት እንደወጣ። አባባ ትከሻው ተቆለፈና እጁን ማንሳት አቃተው። «ዛሬ ሊጡን አንተ በጥብጥ» አለኝ። ሊጥ የሱ ብቻ እንደሆነ ታውቃለህ፣ በር ዘግቶ ነው የሚበጠብጠው። እኔ የእሳትና የትሪ ሰው ነኝ። እንዴት እንደተደሰትኩ! በጠዋት ገብቼ የሽምብራውን ዱቄት በውሃ መታሁት፣ አሳረፍኩት፣ አረፋውን ገፈፍኩ፣ ጨውና ዘይቱን ሰጠሁት። የምሳ ሰዓት ሲደርስ ምድጃው ነጭ እስኪሆን አነደድኩና ጋገርኩ። ሽማግሌው ኡባልዶ እንደ ልማዱ ከሰልፉ ፊት ነው። አንድ ጎረሰና ቆመ።

«ልጄ፣ ይሄ ለጥርስ የለሽ ነው እንዴ? የሚንኮሻኮሸው ጫፉ የት ሄደ?»

«ጫፉ አለ፤ የሄደው የርስዎ ጥርስ ነው» አልኩት። ሰዉ ሳቀ።

ከኋላው ያለችው ሴትዮ ግን፣ «ውነቱን ነው፣ ለስልሷል። አይንኮሻኮሽም» አለች። ሌላም ደገመ። ደሜ ፈላ። አባባ ከወንበሩ ተነሳ፣ ቆረሰ፣ አላመጠ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሳቀ!

«አዬ ኔቪዮ! እፍኟን ረሳሃት!»

«የቷን እፍኝ?»

«የነጯን ነዋ!» አለና በደህናው እጁ ጥግ ላይ ያለውን የስንዴ ዱቄት ጆንያ አሳየኝ። «ሽምብራ ብቻውን ሰነፍ ነው። አንድ እፍኝ ነጭ ካልገባበት ጫፉ መች ይነሳል?»

ያ ጆንያ ከተወለድኩ ጀምሮ እዚያ ቆሟል። ነጩን ቂጣ የምንጋግርበት ነው፤ ማን ይጠረጥረዋል?

ኦርኔላ ሰልፉ ውስጥ ነበረች፣ ሎሪስ። ሰሃኗን ይዛ። ሰው ሁሉ አባባን ሲያይ እሷ እኔን አየችኝ። ሰሃኑን ባንኮኒው ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና ወጣች። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

ሱቁን ዘግቼ አባባን ያዝኩት።

«ልጅቷን ስትመርዛት ከረምክ እኮ!»

«ምን መርዝ አለው? እንጀራ ነው። አያትህም ያስገባበት ነበር፣ የሞተ የለም። እኛ ጊዜ እንዲህ ያለ በሽታ አልነበረም።»

«ፊትህ ስትታመም እያየህ?»

ትከሻውን እያሸ፣ «አንድ እፍኝ ለዚያ ሁሉ ሊጥ ምን ያደርጋል ብዬ ነው» አለ፣ ድምጹ ዝቅ ብሎ።

«ለኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ለበኩር ነው የሚነገረው። አባቴ ለኔ እንጂ ላጎትህ አልነገረም። እኔም ለሎሪስ ነገርኩት፣ ገና ጢም ሳያወጣ። አንተ ደሞ አፍህ ወንፊት ነው። ብነግርህ በማግስቱ ባሩ ሁሉ ያውቀው ነበር።»

አባባ ሽማግሌ ነው፣ በሽታውን አያምንም፣ ደንቆሮ ነው፣ እሺ። ስምህን ሲጠራ ግን የፋሲካው ምሳ ትዝ አለኝ። ኦርኔላ ፊት ቂጣው ሲቀርብ አንተ ሰሃኗን ሳብክና «የኔ እመቤት፣ እኔ ከባሕር ማዶ ርቦኝ ነው የመጣሁት፣ አንቺ ሁሌም እዚህ ነሽ» ብለህ ጠራርገህ በላህ። ደግመን ሰጠናት፣ ደግመህ ነጠቅካት። እንዴት ሳቅን! «ይሄ ሆዳም!» አልንህ። ሰላጣውንና ዓሣውን ወደሷ ገፋህላት። ያን ቀን ብቻ ነው እኛ ቤት በልታ ሳትታመም የዋለችው።

ወንድም ጋሼ፣ ለሷ አዝነህ ሰሃኑን ነጠቅካት። ለምን አፍህን አልከፈትክም? በማግስቱ አውሮፕላን ላይ ወጥተህ ሄድክ። ካንተ በኋላ ለሚቀርብላት ሰሃን ማንን አስቀመጥክላት? ባቡር ጣቢያ ድረስ ሻንጣህን የተሸከምኩት እኔ አይደለሁም? አንገቴን አቅፈህ «ይቺን ልጅ ጠብቃት» ብለኸኛል። ከምን እንደምጠብቃት ሳትነግረኝ!

ለማንኛውም አልተኛሁም። እኔ ኔቪዮ ነኝ፣ ተቀምጬ አላለቅስም። ከወፍጮ ቤት የታሸገ የሽምብራ ዱቄት፣ አዲስ ትሪ፣ አዲስ ጭልፋ ይዤ እናቷ ቤት ሄድኩ። እናቷ ሲኞራ ኤርሲሊያ በሩን ግማሽ ከፍታ፣ «ምን ፈለግክ?» አለችኝ።

«ልጋግርላት።»

«እስካሁን የጋገርከው አልበቃህም?»

«ፊታችሁ ልጋግር። እጄን እያያችሁ።»

አስገባችኝ። እጅጌዬን አስጠቀለለችና ኪሴን ሁሉ ፈተሸችው፣ እንደ ጉምሩክ! ዱቄቱ አንድ እጅ፣ ውሃው ሦስት እጅ። እያንዳንዱን ጓል እስኪሟሟ መታሁት። ከጠዋት እስከ ከሰዓት አሳረፍነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ ሴትዮዋ ካጠገቤ አልተነሳችም፣ ኦርኔላም ከክፍሏ አልወጣችም። አረፋውን በማንኪያ ገፈፍኩ። የቤት ምድጃ ምን አቅም አለው! መጨረሻው ድረስ አጋልኩትና ትሪውን ባዶውን ውስጡ አቃጠልኩት፣ ዘይቱን አፈሰስኩ፣ ሊጡን ከጣት ውፍረት አሳንሼ ጨመርኩ። ቤቱ ተዳፋት ላይ ስለሆነ ሊጡ ወደ አንድ ጎን ሸሸ፤ ከትሪው ስር የሹካ እጀታ ወተፍኩለት። አየህ ብልሃት? ወጣ፤ ወርቅ መሰለ፣ ጫፉም ተነሳ! ያለ ምንም ነጭ! ሽምብራ ሰነፍ አይደለም፣ ሎሪስ። ረጅም ዕረፍትና የጋለ ትሪ ነው የሚፈልገው፣ ያ ሁሉ የበኩር ምስጢር ለስንፍና ነበር። ቁንዶ በርበሬ ነሰነስኩና ጠራኋት።

ወጥታ ቆማ ቀመሰች። ቀስ ብላ አላመጠች።

«ጣዕሙ የሱቃችሁ አይደለም» አለች።

«አይደለም። ይሄኛው ንጹሑ ነው።»

«እና ልዩነቱ ይሄን ያህል ከታወቀኝ፣ ያንተስ ምላስ? 'ምላሴ አይሳሳትም፣ ሽምብራው የየትኛው ማሳ እንደሆነ እለያለሁ' ስትል አልነበር ባር ለባር? ያ ምላስህ ዓመት ሙሉ የት ሄዶ ነበር?»

«ጉራዬን ነበር፣ ኦርኔላ። ምንም አልለይም። ከልጅነቴ የበላሁት ያንኑ ነው፣ ሌላ ጣዕም አላውቅም።»

«ያኔ ጉራህን ነበር። አሁንስ የምትለው ውሸት አለመሆኑን በምን ልወቅ?»

አባባ ያለኝን ሁሉ ነግሬያቸው ነበርና እናቷ ጣልቃ ገባች፦ «አንድ ቤት ሦስት ወንድ፣ ሁለቱ አውቀው ሦስተኛው አላወቀም? ሂድ ወዲያ፣ ለማያውቅህ ታጠን!»

ኦርኔላ ቂጣውን ጨርሳ በላችው፣ ደህናም አደረች፤ በማግስቱ እናቷ በር ላይ ነገረችኝ። የመለሰችልኝን ቀለበት ግን ዳግም አልወሰደችም። «ቂጣህን አምኜዋለሁ፣ አንተን አይደለም» ነው ያለችው።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ላንተ አልንበረከክም፤ ለራሴ ከሆነ ካንተ ምንም አልፈልግም። ለኔ አትጻፍ። ይቅርታም አትላክልኝ፣ አንብቤ እቀደዋለሁ። ለሷ ጻፍላት። በራስህ እጅ፣ ሳታሳምረው፦ «እኔ አውቅ ነበር፤ ኔቪዮ አያውቅም ነበር።» ይቺን ብቻ። አባባ ሽማግሌ ነው፣ ልጁን ሊያድን ይዋሻል ብላ ቃሉን አትቀበለውም። እኔን ሰምታኛለች። የቀረኸው አንተ ነህ። አድራሻዋን ከፖስታው ጀርባ ጽፌልሃለሁ።

እዚያ የምትሠራበትም ቂጣ ቤት እፍኟን የምታስገባ ከሆነ ተው። አንዷ ሰሃኗን ይዛ ሰልፉ ላይ ቆማ ይሆናል።

ጌታ ከእሳትና ከክፉ ሰው ይጠብቅህ። ብርዱ ወደናንተ እየመጣ ነው ይላሉ፣ ደረትህን ሸፍን። የእማማ ነፍስ ካለችበት ትባርክህ፤ እሷ ካንተ ጋር አልተጣላችም።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። እስከዛሬ ስተኛ «አባባ ብቻውን እንዳይወቀስ ብሎ ሎሪስን በውሸት ጎትቶት ይሆናል» እላለሁ፤ ትንሽ እንቅልፍ ይወስደኛል። ያንተ ደብዳቤ ኦርኔላ እጅ ሲገባ ያቺም ተስፋ ትቀራለች። ግድ የለም፣ ትቅር።

ጻፍላት።

ታናሽህ
ኔቪዮ