ተኝቶ የሚሠራ ምላስ

ውድ ወንድሜ ጭምቱ፣

በዓለም ላይ ከእኔ ምላስ የፈጠነ ምላስ አልተፈጠረም። እሺ፣ ዓለምን አላየሁም፤ በእኛ ማርሽ ባንድ ውስጥ ልበል። እዚያም ያ ቀጭኑ ክላርኔት ነፊ አንዳንድ ቀን ይቀድመኝ ነበር፤ ግን ሲያማ እንጂ ሲነፋ አይደለም።

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። መነጽርህን አትጥረግ፣ አልተሳሳትክም። ጡረታ ወጥተህ ልጅህ ጋ ከሄድክ በኋላ የማታ ትምህርት ገባሁ። ያን ሁሉ ዘመን አንተ ኖታውን ስታነብ እኔ አጠገብህ ተቀምጬ በጆሮዬ ስሰርቅህ ኖሬ፣ ዛሬ ፊደል ቆጥሬ ጨርሻለሁ። ከክፍሉ አንደኛ ነኝ። መምህርቷ እንዲህ አላለችም፤ ዓይኗ ግን ያሳብቃል።

ጉዱ የወጣው «ተ» ላይ ስንደርስ ነው። ተ፣ ቱ፣ ቲ፣ ታ እያልን ስንጮህ ሳቄ መጣ። የትራምፔት ትምህርታችን በሙሉ እዚያች መስመር ላይ ተሰልፎ የለም እንዴ? መሪያችን ያሳደገን «ቱ በሉ» እያለ ነው። ምላስ የበር ዘበኛ ነው፤ ትንፋሹን ይዞ ይቆማል፣ «ቱ» ሲባል ዞር ይላል፣ ድምፁ ይወጣል። ለላይኛው ድምፅ «ቲ» እንደሚል ሰው ከፍ ይላል፣ ለታችኛው «ቶ» ብሎ ይወርዳል፣ ሲቸኩል «ቱኩ ቱኩ» ይላል። ይህን ሁሉ ተነሥቼ ለክፍሉ አስተማርኩ። መምህርቷ እስክጨርስ ጠበቀችና ጠጋ ብላ፣

«አባባ፣ ሌላውን ፊደል ሁሉ ደህና ይላሉ። እዚህች ላይ ሲደርሱ ለምንድን ነው ፊትዎ የሚጨማደደው?» አለችኝ።

ደብቄው ነበር፣ ጭምቱ። ምላሴ ጫፍ ላይ የማይሽር ቁስል ነበረ፣ ሥሩ ጠጠር ያለ። በትራምፔቱ አመካኘሁ፤ በትኩስ ሻይ አመካኘሁ፤ ሚስቴ «ወሬ ሲበዛ ነው» ስትለኝ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ባንዱ ውስጥ ግን «ቱ» ያልኩት ሁሉ «ፉ» እየሆነ፣ ድምፄ በር ሳያንኳኳ እንደሚገባ ሰው ከትንፋሽ ጋር ሾልኮ ይወጣ ጀመር። ያንተ ወንበር ላይ የተተካው ሰው ሰማ፤ ሰምቶም ዝም አለኝ። መጀመሪያ ያስፈራኝ የእሱ ዝምታ ነው።

በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ ምላሴን እንዳወጣ ስትጠይቀኝ፣ ለሴት ልጅ ምላስ አውጥቼ አላውቅም፣ ነውር ነው ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም። ቁስሉን በጣቷ ዳር ዳሩን ዳሰሰችው። ከዚያ ከአገጬ ሥር፣ ከአንገቴ ግራና ቀኝ፣ አንድ ነገር እንደጠፋባት ሰው ቀስ እያለች ፈለገች። ሌላ እብጠት እንደምትፈልግ ሳልጠይቅ ገባኝ፤ እንዳታገኘውም ለመንኩ። ቆንጥረው የወሰዱት ሥጋ ውጤት ሲመጣ፣ ክፉው በሽታ ሆነ። ስሙን ለመጻፍ ፊደሎቹ አሉኝ፤ ግን አልጽፈውም። ጫፉ ብቻ ነው የሚቆረጠው፣ ጥፍር የምታህል፣ አለችኝ። ቀጠሮዬ ሰኞ ነው።

ምላስ አጥንት የለውም ይባላል። ለቢላ እንዴት እንደሚመች አስበውና ሳቅልኝ፤ እዚህ ቤት የሚስቅልኝ ጠፍቷል።

ጠዋት ስነቃ ዓይኔን ከመግለጤ በፊት በጥርሶቼ እፈልገዋለሁ። አለ። ሚስቴን በስሟ እጠራታለሁ፤ «አቤት» ትላለች። ደግሜ እጠራታለሁ። «ምን ፈለግህ ሰውዬ?» ትለኛለች። ምንም አልፈለግሁም፤ ስሟ ከአፌ እንዴት እንደሚወጣ እየሰማሁ ነው። ትራምፔት ለሌላ ይሰጣል፤ ይህን ለማን እሰጣለሁ?

አሁን የጻፍኩበትን ጉዳይ ስማኝ። መሪያችን አነፋፍህን የደረሰበትን ቀን ታስታውሳለህ። የምላስህን ጫፍ ከታች ጥርሶችህ ጀርባ አስተኝተህ፣ ትንፋሹን በምላስህ መሃል ይዘህ ነበር የምትለቀው። ስንፍና ነው ብሎ ተቆጣህ። «ተኝቶ የሚሠራ ምላስ» ያልኩህ እኔ ነኝ፤ ባንዱ በሙሉ ሳቀ። አንተ «ድምፁ ይወጣ የለ?» ብለህ ከትራምፔትህ ውስጥ የተጠራቀመውን የትንፋሽ ውሃ አራገፍክ።

ትናንት ወጥ ቤት በሩን ዘግቼ ያንተን፣ የምላስ ጫፍ የማይፈልገውን አነፋፍ፣ ሞከርኩት። ሚስቴ ድስት የወደቀ መስሏት መጣች። ትራምፔቱን ስታይ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ደገምኩት።

«ይሄ ያንተ አይደለም» አለችኝ።

«የጭምቱ ነው።»

«እንግዲያው ባለቤቱን ጥራው።»

ይኸው ጠራሁህ። ስልክማ ደውዬ ነበር፤ ድምፅህን ስሰማ ቀልድ ጀመርኩና ሳልነግርህ ዘጋሁት። ወረቀት ሲሆን ማምለጫ የለኝም። ይህን የሚያደርስልህ የእህቴ ልጅ ነው፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ፤ በዚያው መኪና ተመለስ። የምላሴ መሃል ላንቃዬን የት ላይ መንካት እንዳለበት አሳየኝ፤ ምላሴ ሙሉ ሳለ ልማረው።

ደብዳቤው ውስጥ ከራሴ የጨመርኳት አንዲት ነገር አለች። ሐኪሟ «ጥፍር የምታህል» አላለችም። እንዲህ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ደጅ ቁጭ ብላ ለጠበቀችኝ ለሚስቴ። ደጋግሜ ስነግራት እኔም አምኜው ነበር፤ እላይ ጽፌው መልሼ ሳነበው ግን አላመንኩትም። ሐኪሟ ያለችው፣ «ምን ያህል እንደምንቆርጥ ገብተን ስናየው ነው የምናውቀው። ሰው ይዘው ይምጡ» ነው።

ለሚስቴ ሳልነግራት ሰኞ መድረስ የለበትም። አንተ አጠገቤ ተቀመጥልኝ እንጂ እነግራታለሁ፤ ብቻዬን አልደፈርኩም።

ያንተው፣
እስከ ሰኞ ድረስ አንደኛ ትራምፔት