ጆሮዋ ላይ ቁጥር የሌላት ፍየል

ውድ ሀይደር፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህን ወረቀት የእህቴ ልጅ ሳሚያ ወደ ፋብሪካዋ ስትወርድ በእጅህ ትሰጥሃለች። አንብበህ እስክትጨርስ አጠገብህ ትቆማለች፤ ፊትህን አይታ መጥታ ትነግረኛለች። እሷን እንዳትቆጣት፣ ያዘዝኳት እኔ ነኝ።

ከደሴ ኮምቦልቻ ደብዳቤ ምን ይሉታል ትል ይሆናል። ልክ ነህ፤ ሚኒባሱ ሐረጎን ቁልቁል ወርዶ ወሬ ሳያልቅ የሚያደርስ መንገድ ነው። ስልክም አለ። በስልክ ግን አላምንህም። በስልክ ሳወራህ ከኋላህ ፍየሉ ይጮሃል፣ «ቆይ ልደውልልሽ» ትላለህ፣ ስትደውል ደግሞ ታስቀኛለህ፣ ስቄ ስጨርስ የጠየቅሁህ ነገር ጠፍቶኛል። ወረቀት ላይ ማሳቅ አትችልም። ስምንተኛ ክፍል ድረስ የተማርኩት ለዚህ ቀን ነው ብዬ ቁጭ አልኩ።

ያን ቀን ታስታውሳለህ? «ከድጃ፣ በሩ ተከፈተ! ከባሕር ማዶ ያሉት ገዢዎች ለአረፋ የምንልከውን ፍየል ያለ ቀረጥ ሊያስገቡልን ነው!» ብለህ እየሮጥክ ገባህ። ልጃችንን ሩቂያን ብድግ አድርገህ አዞርካት፤ ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን መድረሷን ረስተኸው። እኔም እልል አልኩ፣ ውሸት አልናገርም። በሩስ ተከፍቶ ነበር፤ ደፉ ግን ደረት ይደርስ ነበር። ቀረጡ ቀርቶ መች ነገሩ አለቀ? ፍየሉ ሁሉ ጆሮው ላይ ቢጫ ቁጥር ይደረግለት ተባለ። ይሁን። ደሙ ተወስዶ ይመርመር ተባለ። ይሁን። ከዚያ ደግሞ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ በታጠረው ማቆያ ገብቶ፣ በኮሮና ጊዜ ሰው እንደገባው፣ ጤነኛ መሆኑ እስኪታወቅ ይቆይ ተባለ።

እኔ ያኔውኑ ጠርጥሬ ነበር። «በሽታ ፈርተው ነው ወይስ ፍየላችሁን አንፈልግም ማለቱን አፍረው?» አልኩህ።

«ጤና ነው ከድጃ። እነሱም ልጆች አሏቸው።»

«ከዚህ በፊት ፍየላችንን በልቶ ማን ሞተባቸው?»

ሳቅህ። አንተ ምን ጊዜም ትስቃለህ። እኔ ግን ጥርጣሬው እስከ ዛሬም አልወጣልኝም። አይሆንም ማለት ያስነውራል፤ ይሆናል ብሎ ሰውን በደጅ ማመላለስ ግን ማንንም አያስነውርም።

ለካ አንተም ይህን ሙያ ተምረኸዋል።

አልመጣም አላልከኝማ! አንድም ቀን አላልክም። «ፍየሎቹ ይልመዱና እመጣለሁ» አልክ። ለመዱ። «ክትባቱ ይለቅና» አልክ። አለቀ። «የደሙ ውጤት ይምጣና» አልክ። እሱም መጣ። እኔ እዚህ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በር በሩን ሳይ፣ አንተ እዚያ ቅርብ ሆነህ፣ ከመካ ይልቅ ራቅህብኝ። ኋላማ «ሰው መውጣት አይችልም እንዴ?» ስልህ «ሰውም ያው ነው» ብለህ አለፍከው።

አሁን ወደ ቦራ ልምጣ። ስሟን ስታይ ግንባርህን ማሸት እንደጀመርክ አውቃለሁ።

ጨጓራህ እንደተነሳብህ በስልክ ስሰማ ምን ላድርግ? የፍየል ወተት ካልቀመስክ ጨጓራህ እንደማይተኛ ማን ያውቃል ከእኔ በቀር? ግንባሯ ላይ ነጭ ያላትን ቦራን፣ እኔው ራሴ በጡጦ ያሳደግኳትን፣ በፉርሽካ ጫኙ በደሳለው አይሱዙ ላክሁልህ። እናትህ ብትሆን የምታደርገው ነው። ደሳለው ሲመለስ «በር ላይ ተቀበለኝ፣ ፍየሏን አየት አድርጎ ዝም አለ፣ ከዚያ አላህ ይስጥልኝ በላት አለ» ብሎ ነገረኝ። «ዝም አለ» የምትለዋን ያኔ ልብ አላልኳትም።

ከዚያ ወዲህ ነው ነገርህ የተለወጠብኝ። «ቦራስ? ትታለብልሃለች?» ስልህ «አዎ… ትታለባለች» አልክ። ከመሐል ያለችውን ዝምታ ሰማኋት። ይህን ያህል ዘመን አብሬህ ስኖር ከንግግርህ ይልቅ ዝምታህን ነው የማውቀው።

«መርከቡስ?»

«ያኛው አመለጠን። በሚቀጥለው ነው እንግዲህ።»

«ምነው አመለጣችሁ?»

«የማቆያው ጊዜ እንደገና ተጀመረ።»

«ማን አስጀመረው?»

«ሕጉ።»

ሕግ ብቻውን ከመኝታው ተነስቶ ይጀምራል እንዴ ሀይደር?

በዚያው ሰሞን አብሮህ ፍየል ያስገባውን አግማስን ሸዋ በር ገበያ አገኘሁት፤ ከሚስቱ ጋር ጫማ ይመርጣል። ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ «አግማስ! ከማቆያው ሰው መውጣት ይችላል እንዴ?» አልኩት።

«ምነው ከድጃ፣ የታሰረው ፍየሉ ነው እንጂ እኛ ምን አጠፋን?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ማን መሆኔ ትዝ ሲለው ሳቁን ዋጠው። «የሀይደር ነገር እንኳ… እሱ ራሱ ቢነግርሽ ይሻላል» አለኝና ጫማውን ደግሞ ደጋግሞ ማገላበጥ ያዘ። ሚስቱ አዝናልኝ አየችኝ። የሰው ሚስት ስታዝንልኝ እንደ ማየት የሚያቃጥል ነገር አላህ አያምጣ።

ከዚያ ሳሚያ ጨመረችበት። ቅዳሜ ከሥራ መጥታ እግሯን እየታጠበች፣ «እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ግን እንዳትቆጪ» አለች።

«ያልተነገረኝ ነው የሚያስቆጣኝ። ተናገሪ።»

«ቦራን ያየኋት መሰለኝ።»

«የት? ማቆያው ውስጥ?»

«ከአጥሩ ውጭ። ኩኩ ሻይ ቤት ጓሮ ታስራ።»

«ኩኩ ደግሞ ማናት?»

«ለእኛ ለፋብሪካ ልጆች ሻይ የምታፈላዋ ናት። ተጫዋች ናት። ሸጋ ናት።»

ሸጋነቷን ማን ጠየቃት! የላክሁልህን ፍየል ለሻይ ሻጭ ሰጠህ፤ ጊዜ አስጨመርክ፤ ሰው ይወጣል አንተ አትወጣም። ይህን አንድ ላይ አድርጎ ያላየ ሰው ጤነኛ አይደለም።

አሁን የምነግርህን ቁጭ ብለህ አንብብ። ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር። ማክሰኞ። የሳሚያን ጥቁር አባያ ለብሼ፣ ፊቴን ተከናንቤ፣ የኩኩ ሻይ ቤት ሸራ ሥር ገብቼ ተቀመጥኩ።

ልጅቱ እውነትም ሸጋ ናት። ጥርሷ ያምራል። እኔን ስታይ ብድግ ብላ «ኖር እማማ፣ እዚህ ጥላው ጋ ይሁኑ» አለችኝ። እማማ! ገና ሳልከሳት ቅጣቴን ሰጠችኝ።

«ሻይ በወተት ይሁንልዎ ወይስ በባዶው?»

«ወተት ከየት አመጣሽ?»

«ያቻት እዚያ፤ ከታሰረችው።»

ቦራ ናት። ሽታዬን አውቃ አንገቷን መዘዘች። ዝም እንድትል በዓይኔ ለመንኳት።

«ያንቺ ናት?»

«ኧረ የት አባቴ አግኝቻት! የአንድ ነጋዴ ናት። ሚስቱ ናት አሉ ለጨጓራው የላከችለት። ይቺን የመሰለች የዋህ ፍየል፣ ያንን ሁሉ መንጋ ጉድ ሠራችው እኮ እማማ።»

«እንዴት?»

«ማቆያ ውስጥ ያልተመረመረ፣ ጆሮው ላይ ቁጥር የሌለው እንስሳ አንድ እንኳ ከገባ፣ ያለው ሁሉ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሕጋቸው ነው። ሰውየው ማታ ተቀበላት፣ ከአጥሩ ጥግ አሰራት። ጠዋት ዶክተሩ ሲመጣ ከሌሎቹ ገንዳ ውሃ ስትጠጣ አገኛት። በቃ! ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ፍየሎች በሙሉ ተመለሱ። መርከቡ ሄደ። ነጋዴዎቹ ሊበሉት ነበር።»

ብርጭቆውን አስቀመጥኩት።

«ሚስቱ እንደላከችው አልነገራቸውም?»

«እሱ? ከመንገድ ገዛኋት ብሎ ድርቅ አለ! እነሱም ከዛሬ ወዲያ በሩን የምትጠብቀው አንተ ነህ፣ ፍየሉ መርከብ እስኪሳፈር ውልፍት አትልም ብለው አስማሉት። እኔ ነኝ ፍየሏን ከአጥሩ ውጭ እሰሪልኝ ሲለኝ ነገሩ ያልገባኝ። አንተ ሰውዬ፣ ማስገባት እንደማይቻል እያወቅህ ለምን ተቀበልክ ብዬ ብጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? “ከድጃ የላከችውን እንዴት ብዬ ልመልሰው?”»

ስሜን ከአፏ ስሰማ ዓይኔን ወዴት ላድርገው?

«ደግሞ “አደራ፣ ከሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም፣ የላከችው ለእኔ ብላ ነው” አለኝ። ጠዋት ጠዋት አንድ ብርጭቆ ወተት እወስድለታለሁ፤ የተረፈው የእኔ ነው፤ ሳሩ ከእሱ። እማማ፣ ምነው ሻዩ አልጣመዎትም?»

ጣመኝ አልኳት። አልጣመኝም። ምን እንደሚል አላውቅም የዚያ ሻይ ጣዕም።

ሀይደር፣ ይህን ሰምቼ ጥርጣሬዬ የጠፋ እንዳይመስልህ። የኩኩ ነገር ጠፋ፤ እሱን እሺ። ግን ከእሱ የባሰው መጣ። ለእሷ ነገርካት እኮ! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የዋሸኸውን፣ ከእኔ የደበቅኸውን፣ ሸራ ሥር ለተቀመጠች ልጅ ነገርካት። ለምን? እኔ ስጠይቅህ «ሕጉ» ያልከኝ ሰውዬ፣ ለእሷ «ከድጃ የላከችውን እንዴት ልመልሰው» አልክ። ለእሷ ለመናገር የቀለለህ፣ እንደ እኔ አታለቅስም ብለህ ነው? ወይስ ለእኔ እውነት መንገር ከዚያ ሁሉ ነጋዴ ቁጣ የሚከብድ ነገር ነው?

ከሸራው ሥር በሩ ይታይ ነበር። አየሁህ። ቢጫ ጀሪካን ላይ ተቀምጠሃል። ከስተሃል፤ አንገትህ ከኮሌታህ ውስጥ ቀጥኗል። አንድ ሰው በግ እየጎተተ መጣ፤ ፀሐይ በረታብኝ፣ ጥላው ሥር ለጥቂት ላሳርፋት ብሎ ለመነህ። ተነስተህ ሁለት እጅህን ዘርግተህ በሩን ዘጋህበት።

«አይቻልም።»

«ወንድሜ፣ በአላህ፣ ለአንድ አፍታ!»

«በአላህ ካልክማ ጭራሽ አይቻልም። አባቴ ከመቃብር ተነስቶ ይዞ ቢመጣ አላስገባም!»

ሰውየው እየተሳደበ ሄደ። አንተ ወደ ጀሪካንህ ተመለስክ።

አንተን እምቢ ስትል ሰማሁህ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሙሽራ ሆኜ ከመጣሁ ጀምሮ ለማን እምቢ ብለህ ታውቃለህ? ለወንድሞቼ? ለጎረቤት? ለእኔ? ልጠራህ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ኩኩ እንኳ ዘወር ብላ አይታኛለች። ከዚያ አሰብኩት። ብጠራህ «እንኳን መጣሽ» ትለኛለህ። ብናፍቅህም ባልናፍቅህም፣ በነጋዴዎቹ ፊት ባሳፍርህም ባላሳፍርህም፣ ያው «እንኳን መጣሽ» ነው። አፌን ዘጋሁና ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለፈውን ሁሉ እያነሳሁ እጠረጥረዋለሁ። ያን ቡናማ ኮት ስገዛልህ «ቆንጆ ነው» አልክ፤ ለብሰኸው ግን አይቼህ አላውቅም። እናቴ ዘመኗ እስኪያልቅ ከእኛ ጋር ስትኖር አንድ ቀን እንኳ ፊትህ አልጠቆረም፤ ፊትህ እንጂ ሌላው ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ደግሞ ይህ ያስፈራኛል፤ ከአገርህ ከቢስቲማ ወጥተን ደሴ እንግባ ያልኩህ እኔ ነኝ። በአባትህ ማሳ ላይ ቆመህ ነበር። ማሽላው ደርሶ ነበር። «ደግ» አልከኝ፣ በቃ፣ አንዲት ቃል። ደግ ያልከው ደግ ሆኖልህ ነው? ወይስ ያኔም ከድጃ ያመጣችውን እንዴት ልመልሰው ብለህ ነው?

የባሕር ማዶዎቹ ገዢዎች ቢያንስ የሚፈልጉትን ተናግረዋል። ይኼ ይግባ፣ ይኼ አይግባ። በሐሜት ስንበላቸው ከረምን እንጂ ምን እንደማይወዱ እናውቃለን። አንተ የማትወደውን ግን ይኸው ሩቂያ ለጋብቻ ደርሳ አላውቀውም። ሁሉን አስገብተህ፣ ሁሉን ከውስጥ ብቻህን ታስታምማለህ።

ከዚህ ወረቀት ጋር ምንም አልላክሁም። ቂጣም፣ በሶም፣ ካልሲም የለም። ሳሚያ ባዶ እጇን ስትመጣ እንዳትደነግጥ። እጄን የያዝኩት ተቀይሜህ አይደለም፤ የቱን እንደምትፈልግ እስካውቅ ነው።

ጁምዓ ከሰላት በኋላ ማቆያው በር ልመጣ አስቤያለሁ። በዚህ ጊዜ ሳልከናነብ፣ ነጋዴዎቹም እያዩኝ፤ ፍየሏን የላክሁት እኔ ነኝ ብዬ በራሴ አፍ እነግራቸዋለሁ። ግን ሳትጠራኝ አልመጣም። እንዲያው በባዶ «ነይ» ብትለኝም አልመጣም፤ እሷን ቃል ለማንም እንደምትሰጣት አውቃለሁ።

ስለዚህ ለሳሚያ አንድ ነገር ንገራት። ከዚህ ሁሉ ዘመን ውስጥ እምቢ ልትለኝ ፈልገህ የዋጥካትን አንዷን እምቢታ። ኮቱም ይሁን፣ ቢስቲማም ይሁን፣ አልፈራም። ያቺ እምቢታ ቀድማ ትምጣልኝ። «ነይ» ከኋላዋ ተከትላ ከመጣች አምናታለሁ፣ እሮጣለሁም። ብቻዋን የመጣች «ነይ» ግን፣ ወላሂ ሀይደር፣ ከበር ትመለሳለች።

አላህ ከጨጓራህ ይማርህ።

የሩቂያ እናት ከድጃ
ቧንቧ ውሃ፣ ደሴ