ውርጭ ከነኢማ እግር አይመጣም

ይድረስ ለወንድሜ ለሙዐዝ። አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሃል? የእማ ጉልበት እንዴት ሆነ? ላሚቱስ ወለደች? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ አንጀቴ ከማረሩ በቀር።

ስደውል «አይሰማም» እያልክ ስለምትዘጋብኝ ነው በወረቀት የመጣሁብህ። የሰፈራችን ልጅ ጁሀር ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛው፣ ወጥቶለት ሐሙስ ከኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ ይነሳል። እሱ ያደርስልኛል።

እማ ሁሉንም ነገረችኝ። ባቄላውን ሁለት ዓመት ተከታትሎ ውርጭ ቢመታው፣ ጎረቤታችን ጋሸ ኑህ የሚስትህ እግር መጥፎ ነው አለህ አሉ። አንተም አምነህ ረመዳን ሳይገባ ነኢማን ፈትተህ ለአባቷ ልትመልስ ነው። ኤጭ! ስሰማ የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩት። ያን ሁሉ ሽማግሌ ልከህ፣ ደጅ ጠንተህ ያመጣሃትን ልጅ! ከአንተ እኩል ማሳ ለማሳ ስትለፋ የዋለችበት እግር ነው ዛሬ መጥፎ የሆነው? የጋሸ ኑህ ባቄላስ አልተቃጠለም? እሱ ቤት የትኛዋ ሙሽራ ገባች?

እዚህም ዘንድሮ የጉድ ብርድ ነው። የአሠሪዬ የማዳም አበባ ሁሉ ጠውልጎ ጠርጌ የጣልኩት እኔ ነኝ። ማዳም ማሞቂያ ለኩሳ መስኮት ትከፍታለች፤ ሰው የሌለበት ክፍል ሳይቀር ቀን ከሌት ይነዳል። እሱም ያስጠላኛል፤ የአንተ ግን ይብሳል።

ባለፈው ጁምዓ አል-ጀኑቢያ የሚሉት ሰፈር፣ የሐበሻ ሱቅ ውስጥ፣ ገለታ የሚባል ያገራችንን ሰው አገኘሁ። ኩባንያ ውስጥ የአየር ጠባይ የሚያጠና ነው። ስለ ብርዱ ብጠይቀው፣ በምድር ሰሜን ጫፍ ባሕሩ በረዶ ለብሶ ይኖር እንደነበር፣ አሁን ሰው በሚያነደው ነዳጅ ዓለም ሞቆ ያ በረዶ እየሳሳ እንደሆነ ነገረኝ። ያኔ ብርዱን እዚያው እንደ በረት አጥር ከትቶ የሚይዘው ነፋስ ይላላና ብርዱ አምልጦ ሩቅ አገር ይወርዳል አለ። እኛ ደጋ ድረስ ይደርስ እንደሆነ ግን አላውቅም አለኝ፤ ምሁራኑም ገና ይከራከሩበታል። የሴት እግር ውርጭ ሲያመጣ ግን በየትኛውም መሣሪያ አልታየም ብሎ ሳቀ።

እኔ መሳቅ አቃተኝ። አምና ለእማ በድምፅ መልእክት «ውርጩ ሙሽሪት ከገባች ወዲህ ነው፣ እግሯን እዩት» ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። ለቀልድ ነበር፣ ወላሂ። እማ ያንን ለጋሸ ኑህ አሰማችው፤ እሱ ከዚያ ነው ያነሳው። ራሴን ተጸየፍኩት። አፌን በበረኪና ባጥበው አይጠራም።

እንግዲህ ታላቅህ ነኝና ስማኝ፦ ከፈታሃት እህት አለችኝ እንዳትል። ኸላስ፣ አለቀ።

የእማን ጉልበት ሳምልኝ። ታናሻችንን መሕቡባን ጉንጯን ሳምልኝ። ለጋሸ ኑህ ሰላምታ ማፊ፣ የለኝም። ለነኢማ የምልከውን ቃል አንተ አታደርስም። ጁሀር ይህን ደብዳቤ አንተ ፊት እንዲያነብላት አደራ ብዬዋለሁ። ቀድማ ወጥታ ከሆነም አባቷ ቤት ድረስ ሄዶ፣ አባቷ እየሰሙ ያነብላታል። ነኢማዬ፣ ነገሩ የወጣው ከእኔ አፍ ነው፤ አውፍ በይኝ።

እህትህ ኑርሀያት
አል ኹበር፣ አል ራዋቢ
ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.