ሃይላንዱ ውስጥ ያለው ውሃ ነው

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለመሪጌታ አካለ ወልድ፣ ሐዋሳ።

እንደምን ሰንብተዋል? ዓይንዎን የሚያምዎ ነገር ተሻለዎት ወይ? የቆላ ሙቀት ለደገኛ ሰው እንቅልፍ አይሰጥም ይሉናልና ሌሊቱስ እንዴት ነው? ባለቤትዎ እትዬ መቅደላዊት፣ ልጆቹስ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በጣም ደኅና ነኝ። «በጣም» ያልሁት ለወጉ አይደለም፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱው ነው። ሰው አልጻፈልኝም። እርስዎ ዲማ የቄስ ትምህርት ቤት እየተመላለሱ ፊደል ሲቆጥሩ እኔ ከወፍጮው ሥር ሆኜ በጆሮዬ ባነሳሁት ራሴ ጽፌዋለሁና የተጣመመውን እያቃኑ ያንብቡልኝ።

አገኘሁ የተባለው እህል ነጋዴ ከእርስዎ ዘንድ ተመልሶ መልእክትዎን ነግሮኛል። እህትዎ ባሏ ከሞተ ወዲህ አረቄ ለምዳ በሃይላንድ ይዛ ትዞራለች፣ ፊቷም እንደ ሙሽራ ወዝቷልና ወንድ ሳትይዝ አልቀረችም ተብለዋል። እርስዎም ለግንቦት ልደታ ቆብ ይዘው ሊመጡ፣ አመንኩሰው ገዳም ሊያስገቡኝ፣ ቤቴንም ሊያዘጉ ቆርጠዋል። አገኘሁ ይህን ሲነግረኝ ዓይኑን ከጫማው ላይ አላነሳም፤ «እኔ አፍ ብቻ ነኝ እትዬ፣ እንዳትቆጭኝ» አለ። አልተቆጣሁትም። ቁጣዬን ለመልእክቱ ባለቤት አስቀምጬዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኅዳር ጤፍ ስናጭድ ጎኔን ወግቶ ጣለኝ። ምጥ አውቃለሁ፣ ይኸኛው ከምጥ ይብሳል። መሬቴን የሚያርስልኝ አንሙት በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሰኝና ሲስተር አይናዲስ የምትባል ነርስ መርምራ የኩላሊት ጠጠር ነው አለች። በቀን ስንት ውሃ እንደምጠጣ ጠየቀችኝ። «አንድ ጣሳ» አልኋት። «በሰዓት?» አለች። «በቀን» አልኋት። ቀና ብላ ስታየኝ ጊዜ ጨንቆኝ «ጠላ ግን እጠጣለሁ፤ ጠላስ ውሃ አይደል?» ብላት ሳቀች፤ «ጠላማ የሰጠሽን ውሃ በጓሮ በር መልሶ ያስወጣብሻል እናቴ» አለችኝ።

ለሰው ሁሉ አንድ ልክ የለውም አለች። ላንቺ ግን አለች፣ ጠጠር ላለብሽ፣ ባለ አንድ ሊትሩን ሃይላንድ በቀን ሁለት ጊዜ ሞልተሽ ትጨርሻለሽ፤ ፀሐይ ላይ ስትውይ ሦስተኛ ትጨምሪያለሽ። ባንድ ትንፋሽ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ። ሽንትሽ እንደ ገለባ ከገረጣ ልክ ነሽ፤ እንደ ጌሾ ጭማቂ ከጠቆረ ጨምሪ። እኔም የምንጩን ውሃ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ ሃይላንዴን በነጠላዬ ጫፍ አንጠልጥዬ እዞር ጀመር። ጥር ሲገባ ጎኔ ተወኝ። ከዚያ ያላሰብሁት መጣ፤ እንደ አመድ ይረግፍ የነበረው የክንዴ ቆዳ ለሰለሰ፣ ከንፈሬ መድማቱን ተወ፣ ተረከዜ ገጠመ። ለሲስተር ብነግራት ውሃው ብቻውን ተአምር አይሠራም፣ ቅባትም ጨምሪበት አለችኝ። ቫዝሊን ገዛሁ። ወንድ የተባለው እሱ ነው።

አረቄ የተባለውንም ልንገርዎ። በአገራችን ነጭ ነገር በሃይላንድ የያዘ ሰው ከአረቄ ሌላ ምን ይይዛል? የማርያም ማኅበር ላይ ጎረቤቴ ፍቅርአዲስ ከጭኔ ሥር መንጭቃ ከፈተችና አሸተተችው። «ሽታም የለው፣ ዳግም የወጣ አረቄ ነው!» አለች። ቤት ሙሉ ሰው እያያት ተጎነጨች። አፏን ሞልታ ትንሽ ቆየችና ዋጠችው። «ኤዲያ! ውሃ!» ብላ ያላግባብ እንደተበደለ ሰው አየችኝ። ሴቱ ሁሉ ሳቀ። ወሬው ግን አልታረመም። እገሊት ውሃ ጠጣች ብሎ ሐዋሳ ድረስ የሚያወራ የለማ።

አሁን ማንም ያልጠየቀኝን ልንገርዎ። አንድ ጣሳ ለምን ሆነ?

ልጄ መሲ በተቅማጥ የሞተች ጊዜ እርስዎም ቤታችን ነበሩ። «ሆዷ እስኪደርቅ ውሃ አትቅመስ» እርስዎም አሉ፤ እናታችንም አለች፣ አገሩም ይል ነበር። ቅሉን ሰቅዬ እንስራውን ከደንሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ ዳዴ ብላ ሄዳ የእንስራውን ወዝ ከውጭ በምላሷ ስትልስ አገኘኋትና አነሳኋት። አነሳኋት እንጂ አላጠጣኋትም። እርስዎን አልከስም፤ ክዳኑን የያዘው እጅ የኔ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃያ አራት ዓመት በቀን ከአንድ ጣሳ በላይ ውሃ በጉሮሮዬ አላለፈም። ባሌም ሳያውቅ ሞተ።

ከጤና ጣቢያ ስመለስ ለንስሐ አባቴ ለአባ ወልደ ሰንበት ይህን አውጥቼ ተናገርሁ። «ይህን ቀኖና ማን ሰጠሽ?» አሉኝ። «እኔው» አልኋቸው። «አንቺ ካህን ነሽ?» አሉኝ። እንባቸውን መስቀል በያዘው እጃቸው ጠርገው «ሂጂ ጠጪ፤ በጾሙም ቢሆን መድኃኒትሽ ነው» ብለው ፈቱኝ። የፈቱኝን ሊያስሩኝ ነው እንግዲህ እርስዎ የሚመጡት።

ቆብ ክብር ነው። ፈቅጄው ቢሆን አጎንብሼ በተቀበልሁት። ለሰው አፍ መዝጊያ ተብሎ ግን በእኔ ራስ ላይ አይወርድም። አንድ ቅጣት ያለ ዳኛ ጨርሻለሁ፤ ሁለተኛ አልገባም። ከአንሙት ጋር የእኩል እርሻውን ውል ለሁለት ዓመት አድሰን ትናንት ቀበሌ አስመዝግበናል። ዘንድሮም የሚዘራው በስሜ ነው፣ የሚታጨደውም እኔ ባለሁበት ነው። ለልደታ ወንድሜ ሆነው ከመጡ አልጋው ተነጥፎ ይጠብቅዎታል። ቆቡን ይዘው ከመጡ ግን የእርስዎ ታናሽ ነኝና አልሰድብዎትም፤ በሩን ዘግቼ ከውስጥ ሆኜ ሰላም እልዎታለሁ።

እትዬ መቅደላዊትን እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ፤ የላከችው ሻሽ ደርሶኛል፣ ለፋሲካ አስሬዋለሁ። ልጅዎ አምሳሉ ፈተናውን እንዲያልፍ እጸልያለሁ። ትንሿን ወለተ ሐዋርያትን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ልጆቹ ከአሁኑ «እማሆይ» ሊሉኝ እንደተማሩ አገኘሁ ነግሮኛል። ስሜ አልተለወጠምና አክስቴ ይበሉኝ።

እህትዎ ወይዘሮ የኔዓለም
ደብረ ወርቅ አቅራቢያ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2014 ዓ.ም.