አይጦቹ አልረሱም ነበር

ይድረስ እንደ ታላቅ እህት ለነበርሽኝ፣

እታለም፣ ጤናሽን እንዴት ነሽ? ጨጓራሽስ ተሻለሽ? ምሳ እየዘለልሽ ቡና ብቻ መጠጣቱን ተውሽው ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ደህናስ አይደለሁም፤ ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር ነው።

ፕሮፌሰር ተብለሽ በቴሌቪዥን አየሁሽ። አማረብሽ፣ አልዋሽም። ጋዜጠኛው ኬሚስትሪን ከሥነ ልቦና ጋር ማጣመር እንዴት አሰብሽ ቢልሽ "ከልጅነቴ ጀምሮ" አልሽው። ወይ ድፍረት! ሥነ ልቦና ተምሬ ወደ ኬሚስትሪ የተሻገርኩት እኮ እኔ ነኝ። ዴጆን ከተማ ያለው ቤተ ሙከራ የገባሁ ዕለት "እንኳን መጣሽልን፤ ብልቃጡ ሲከፋው ታጽናኚዋለሽ" ብለሽ ሰው ሁሉ ያሳቅሽብኝ አንቺ ነሽ። ሾርባሽን ታካፍይኝ ስለነበር እወድሽ ነበር፤ ስቄ ዋጥኩት።

ፍርሃት ያስረሳል የምትዪውን ያንን መድኃኒት የቀመምኩት በገዛ እጄ ነው። በኤሌክትሪክ ያስደነገጥናቸው አይጦች ወደዚያው ሳጥን ሲመለሱ በፍርሃት ደርቀው ይቀራሉ፤ የኔን የተወጉት ግን ወዲያ ወዲህ ይሉ ነበር። "ፍርሃታቸውን ረሱ!" ብለሽ አቅፈሽኝ ዘለልሽ። በመከር፣ እንደየዓመቱ ልማድ በሙከራ ለሞቱት አይጦች መታሰቢያ ሩዝና ፖም አቅርበን እጅ በምንነሳበት ቀን፣ አለቃችን ጥናቱ መታተሙን አበሰረን። ያንቺ ስም አለ፣ የኔ የለም። ዞሬ ሳይሽ ለአይጦቹ ሁለተኛ ጊዜ እጅ እየነሳሽ ነበር። ብጠይቅሽ "አንቺ የሥነ ልቦና ልጅ ነሽ፤ የኬሚስትሪ ጽሑፍ ላይ ስምሽ ምን ይሠራልሻል?" አልሽኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ለፈተና የሚቀመጡ ልጆች ሳስጠና ያቺ ቃል ከጆሮዬ አልወጣችም።

አሁን የማታውቂውን ልንገርሽ። ስሜ መቅረቱን ባወቅሁ በሳምንቱ፣ ሥራውን ከመልቀቄ በፊት፣ መድኃኒቱን የወሰዱ አይጦችን ምንም ክፉ ነገር ወዳልደረሰባቸው አዲስ ሳጥን ከተትኳቸው። እዚያም ወዲያ ወዲህ አሉ። ብጠብቅ ብጠብቅ አያርፉም። መድኃኒቱ ፍርሃታቸውን አልነካውም፤ እግራቸውን ነው ዕረፍት የነሳው። ይህን ማጣራት ሥነ ልቦና የተማረ ሰው ገና በመጀመሪያው ዓመት ያውቀዋል። አንቺ አላሰብሽውም። እኔም በሌላ ደብተር ጽፌ ዝም አልኩ። ወደ ላይ ውጪ፣ ከፍ በይ አልኩ በልቤ፤ ስትወድቂ አገር እንዲሰማ።

ወንድሜን ሀን-ሱን ታስታውሺዋለሽ፣ እሳት አደጋ የሚሠራውን። ከገበያው ቃጠሎ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። መድኃኒቱ በሰው ሲሞከር በፈቃዱ ተመዘገበ፤ ለኔ አልነገረኝም። ለሚስቱ ግን "የእህቴ ጓደኛ የሠራችው ነው" እያለ ይኮራ ነበር አሉ። ባለፈው ሳምንት ሚስቱ ደወለችልኝ። ቁጭ ብሎ መብላት አቅቶታል፤ ከክፍል ክፍል እየዞረ ያለቅሳል፤ ቃጠሎውንም አልረሳም አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ደብተሩን ለመድኃኒት ተቆጣጣሪዎቹ በእጄ አስረከብኩ። አለቀልሽ፣ እታለም። ወንበርሽም፣ ስምሽም፣ ያ ሁሉ ጭብጨባም አለቀ። ደስ ብሎኛል፤ ቢሰቅሉሽም አይቆጨኝ! የተረከበኝ ሰውዬ ገጹን ገልጦ የተጻፈበትን ቀን፣ የዛሬ ስድስት ዓመቱን፣ አነበበ። ደግሞ አነበበውና ቀና ብሎ አየኝ። እስካሁን ምንም አልጠየቀኝም።

ሰማይ ረጅም ዕድሜና ደህና ጤና ይስጥሽ። አንዲቱንም ቀን ሳትረሺ ኑሪ።

የሀን-ሱ እህት